ሃያ ስድስት ደቂቃ

ስልኩ የተደወለልኝ አዳማ ቢሮዬ ውስጥ የአንድ ሆቴል ፕሪንተር ፈታትቼ ጠረጴዛው ላይ በዘረገፍኩበት ጠዋት ነው። ደዋይዋ መቂ ከተማ ያለ የአንድ ትንሽ የግል ሆስፒታል ሜዲካል ዳይሬክተር ነበረች። ሆስፒታሉን በደንብ አውቀዋለሁ። ኬብሉን የዘረጋሁት፣ ዋናውን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን የተከልኩት፣ የታካሚ ካርዱን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲያዞሩ ነርሶቹን አንድ በአንድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የምሠራበት ድርጅት አራት ሰው ያለው ነው። ከሞጆ ጀምሮ እስከ አርሲ ነገሌ ድረስ በመንገዱ ዳር ላሉ ክሊኒኮችና ሆቴሎች ኮምፒውተር እናገናኛለን፣ ሲበላሽም እንጠግናለን።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለችኝ ዳይሬክተሯ። «የላቦራቶሪ ባለሙያችን ሳይመረምሩ ውጤት ሲጽፉ ተደርሶባቸዋል። ያጋለጣቸው ሲስተሙ ነው። ማስረጃውን ከሰርቨሩ አውጥተሽ፣ አትመሽ፣ ፈርመሽበት እንድትሰጪን ነው የምፈልገው። ዛሬ ከሰዓት ኮሚቴው ይቀመጣል።»

«ባለሙያ» ስትል ማንን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ያሉት አንድ ናቸው። ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም። ኩራት ቢጤ ነበር። እኔ የተከልኩት ነገር ጥፋት አወጣ፣ የማይታይ የነበረውን አሳየ ብዬ። ላፕቶፔን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩና ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ሞጆ ላይ መንገዱ በከባድ መኪና ተዘግቶ ሚኒባሳችን ረጅም ጊዜ ቆመች። ኀፍረቱ ቀስ ብሎ የመጣው እዚያ ቁጭ ብዬ ነው። ጋሼ ትዝ አሉኝ። ኬብል ስዘረጋ ጣራው ሥር ያለው ሙቀት አናት የሚበሳ ነበር፤ ሌላው ሠራተኛ ምሳ ሲወጣ እሳቸው መሰላሌን ይዘው ቆሙ። «ከወደቅሽ የሚመረምርሽ እኔ ነኝ፤ ሥራ አታብዢብኝ» ይሉኝ ነበር። የአርሲ ነገሌ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፤ ሰላምታቸው ግን ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው፣ «አካም ቡልቴ፣ ልጄ?» ብለው መልሴን ሳይሰሙ ወደ ሥራ አይገቡም። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት ነው የቀራቸው። ኮምፒውተር ከገባ በኋላም እጃቸው ያሰመረውን ትልቅ መዝገብ አልተዉም፤ መጀመሪያ እሱ ላይ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ነው ወደ ኮምፒውተሩ የሚዞሩት። ያኔ ድካም ነው ብዬ ስቄባቸው ነበር።

መቂ ስደርስ ፀሐዩ ከሮ ነበር። ከአስፋልቱ ዳር የቲማቲም ሣጥን እየተቆለለ፣ ደላሎቹ በሁለት ስልክ እያወሩ፣ ባጃጆች በመሃል እየተሹለከለኩ። ዳይሬክተሯ ቢሮዋ ውስጥ ጠበቀችኝ። የእኔን ታላቅ እህት የምታህል፣ ሥራዋን የምትወድ ሐኪም ናት። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረችኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ የሽንኩርት ደላላ የስድስት ዓመት ልጁን ትኩሳት ይዞት አመጣው። ነርሷ ደም ቀዳች፣ ጋሼ ወባ መረመሩ፣ «የለም» አሉ። ልጁ መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ሄደ። ትኩሳቱ ግን አልለቀቀውም። በማግስቱ አባትየው ተሸክሞት አዳማ ወሰደው፤ እዚያ ታይፎይድ ነው ተባለና ታክሞ ዳነ። አባትየው ልጁ አልጋ ላይ ሳለ የመቂውን የውጤት ወረቀት አውጥቶ ደጋግሞ አነበበው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ሰዓት ታትሟል፦ ናሙና የተወሰደው አሥር ሰዓት ከሠላሳ ስምንት፣ ውጤት የወጣው አሥር ሰዓት ከሠላሳ ሁለት። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። ደሙ ከመቀዳቱ ስድስት ደቂቃ በፊት ውጤቱ ወጥቷል።

«ሰውየው ወረቀቱን ይዞ መጣና ግቢው ውስጥ ጮኸ» አለች። «የልጄን ደም ደፍታችሁ ነው የጻፋችሁት አለ። እኔም ሌሎቹን መዝገቦች አየሁ። አንድ ብቻ ቢሆን ስህተት ነው እል ነበር። አሥራ አራት አገኘሁ። አሥራ አራት ጊዜ ናሙናው ሳይወሰድ ውጤት ተጽፏል።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«መርምሬያለሁ ነው የሚሉት። ስላይዱ፣ ደሙ የተቀባበት መስታወትም አለ ብለው አሳዩኝ። ስላይድ ላይ ሰዓት የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውጤት እንዳይፈርሙ አግጃቸዋለሁ፤ ከባቱ አንዲት ባለሙያ በትውስት አምጥቼ እሷ ናት የምትፈርመው።»

«እሳቸውስ?»

ዳይሬክተሯ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ይመጣሉ። ስላይድ ያጥባሉ።»

ሰርቨሩ ያለበት ጠባብ ክፍል ከላቦራቶሪው ጎን ነው። ገብቼ መዝገቦቹን አወጣሁ። አሥራ አራቱም እንዳለችው ናቸው። አትሜ፣ ልፈርምባቸው እስክሪብቶ ስፈልግ በሩ ላይ አንድ ሰው እንደቆመ ታወቀኝ። ጋሼ ናቸው። የላስቲክ ጓንት አድርገዋል፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ረጥቧል።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ጋሼ። አካም ቡልተን?» አልኩ፤ ዓይናቸውን ሳላይ።

ወረቀቶቹን አዩ። ምን እንደሆኑ አልጠየቁኝም። «ያንቺው ማሽን ምን ይላል?» አሉኝ።

አሁን ድረስ የሚያሳፍረኝን መልስ ሰጠኋቸው። «ጋሼ፣ ማሽን እኮ አይዋሽም» አልኳቸው። በቁጣ አልነበረም፤ በለሆሳስ፣ ለታመመ ሰው እንደሚነገር አድርጌ ነው ያልኩት። እሱ ደግሞ የባሰ ነው።

ወረቀቶቹን እንደገና አዩ። ከዚያ «አይዋሽም። እሺ» አሉ። «ግን ያ ሰዓት ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከሰርቨሩ። ኮምፒውተሮቹ በሙሉ ስንት ሰዓት ነው ብለው እሱን ይጠይቃሉ፣ እሱ ይነግራቸዋል።»

«እሱስ ማንን ይጠይቃል?»

«ኢንተርኔት ላይ ሰዓት የሚናገሩ ትልልቅ ማሽኖች አሉ። እነሱን።»

«ይመልሱለታል?»

«አዎ» ልል አፌን ከፈትኩና አላልኩትም። አላየሁማ። ሰርቨሩን ስተክል አንድ ቀን አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጠይቄው አላውቅም።

ስልኬን አወጣሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ይላል፤ ማለትም ለእኛ አምስት ሰዓት ከአራት። የላቦራቶሪውን ኮምፒውተር አየሁ፤ እሱም አሥራ አንድ ከአራት። ካርድ ክፍል ሄድኩ፤ አሥራ አንድ ተኩል። ደም የሚቀዳበት ክፍል፣ አሥራ አንድ ተኩል። ፋርማሲው፣ አሥራ አንድ ተኩል። ስልኬን ባላይ ኖሮ ሦስቱ ልክ ናቸው፣ የላቦራቶሪው ወደ ኋላ ቀርቷል ብዬ እፈርም ነበር። ሦስቱ እርስ በርስ ይስማማሉ። ግን የተሳሳቱት እነሱ ናቸው፤ ሃያ ስድስት ደቂቃ ቀድመዋል።

ደም የምትቀዳውን ነርስ «ይሄ ሰዓት እንደሚቀድም ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«እሱማ ሁሌ ይቀድማል» አለችኝ፤ መርፌዋን እያዘጋጀች። «እኛ ስልካችንን ነው የምናየው።»

«ለምን አልነገራችሁንም?»

«ጠዋት ሦስት ሰዓትን ዘጠኝ የሚል ነገር እኮ ነው። መቼ ሰዓት ብለን አየነው?»

አልተሳሳተችም። በኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ያለችው ቁጥር ለማንም ሰዓት አልነበረችም፤ የፈረንጅ ቁጥር ነበረች። ወረቀት ላይ ስትታተም ግን በሰው ላይ ትመሰክራለች።

ወደ ጋሼ ተመለስኩ። «የእርስዎ ኮምፒውተር ለምን ልክ ሆነ?»

«እኔ ነኛ የማስተካክለው» አሉ። «ከደም መመርመሪያው ማሽን ጋር ነው የመጣው፤ ያንቺ ሰርቨር ውስጥ የለበትም ብለሽኝ ነበር። ሰኞ ሰኞ የሬዲዮውን የዜና ሰዓት ጠብቄ እሞላዋለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ብዬ ነበር። የማሽኑ ሻጮች ኮምፒውተሩን እንዳንነካ ስለከለከሉን ለብቻው ተውነው፤ መዝገብ ብቻ ይልካል፣ ሰዓት ግን የራሱን ነው የሚጽፈው። ነርሷ የደሙን ናሙና ስትመዘግብ በሰርቨሩ ሰዓት ይጻፋል፣ ጋሼ ውጤት ሲያስገቡ በራሳቸው ሰዓት ይጻፋል። ምርመራው አንድ ሰዓት ከፈጀ ማንም ልዩነቱን አያይም፤ በሃያ ደቂቃ ከጨረሱት ግን ውጤቱ ከናሙናው ቀድሞ የወጣ ይመስላል። ቶሎ የሠሩት ሁሉ ነው የተቆጠረባቸው።

ታዲያ ሰርቨሩ ለምን ቀደመ? መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባትሪውን ነው። የሰርቨሩ እናት ሰሌዳ ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች፤ እሷ ከሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባል። ለካኋት፤ ደህና ናት። የሰዓት ቀጠናውን አየሁ፤ ትክክል ነው። ሰዓት የሚያመሳስለውን ፕሮግራም አጥፍቼ አስነሳሁት። ጠበቅኩ። መልስ የለም አለኝ። ሌላ የሰዓት ምንጭ ሰጠሁት፤ ያም መልስ የለም። ላፕቶፔን በስልኬ ኢንተርኔት አገናኝቼ ያንኑ ምንጭ ጠየቅኩ፤ ወዲያው መለሰ። ስለዚህ ሰዓት ተናጋሪው ደህና ነው፤ ጥያቄው ነው ከግቢው የማይወጣው። በመሃል የሚያግደው ነገር አለ።

በመሃል ያለው ፋየርዎሉ ነው፤ የግቢውን ኢንተርኔት እንደ ዘበኛ ሆኖ የሚያስገባና የሚያስወጣው ሳጥን። የትእዛዞቹን ዝርዝር ከፈትኩ። እንዲከፈቱ የተፈቀዱት በሮች ጥቂት ናቸው፣ ከሥር አንድ መስመር አለ፤ «ሌላው ሁሉ ይዘጋ።» የሰዓት ጥያቄ የሚወጣበት በር ቁጥሩ መቶ ሃያ ሦስት ነው። ከተፈቀዱት ውስጥ የለም።

ከመስመሩ ጎን ትእዛዙን የጻፈው ሰው መግቢያ ስም ይታያል። የእኔ ነው።

ቀኑን ሳይ ሁሉም መጣልኝ። ባለፈው ክረምት የመብራት ኃይል ሲለዋወጥ የድሮው ፋየርዎል ተቃጥሎ አዲስ ላስገባ መጥቼ ነበር። ዝናብ ይዘንባል፣ ወደ አዳማ የምትመለስ መኪና እንዳታመልጠኝ ቸኩያለሁ። ሆስፒታሉ የሚያስፈልገውን በር በአእምሮዬ ቆጥሬ ከፈትኩ፣ ሌላውን ዘጋሁት፤ ኢንተርኔቱ ሠራ፣ ሁሉም አመሰገነኝ፣ ሄድኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰርቨሩ ይጠይቃል፣ የሚመልስለት የለም። ስለዚህ የራሱን ሰዓት ይዞ ቀጠለ፤ በቀን አምስት ስድስት ሰከንድ እየቀደመ፣ ዘጠኝ ወር።

ወንበሩ ላይ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። 

ዳይሬክተሯ ብቅ አለች። «አለቀልሽ?»

«ዶክተር፣ የሰርቨሩ ሰዓት ሃያ ስድስት ደቂቃ ቀድሟል» አልኳት። «ጋሼ ልክ ናቸው። የተሳሳተው የእኛ ነው።» መዝገቦቹን አሳየኋት። ሰርቨሩ በየወሩ ምን ያህል እንደቀደመ አስልቼ ከአሥራ አራቱ ላይ ቀንሼ ነበር፤ አሥራ አራቱም ቦታቸውን ያዙ፣ መጀመሪያ ናሙና፣ ኋላ ውጤት።

በእጇ አፏን ያዘች። ከዚያ «መብራቱ ነው አይደል?» አለች። «የሚገድለን እኮ መብራት ነው።»

ምክንያቱን በትሪ አቀረበችልኝ። አገር ሁሉ መብራትን ነው የሚወቅሰው፤ ማንም አይጠይቅም። ጋሼም ነፃ ይወጣሉ፣ እኔም።

«ሊሆን ይችላል» አልኳት።

የምሳ ሰዓት ላይ ነርሶቹ ለግማሽ ሰዓት ኮምፒውተሩን ትተው በወረቀት እንዲመዘግቡ ለመንኳቸው፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ መዝገብ እንዳይደበላለቅ። የሁሉንም ነገር ፎቶ አነሳሁ፣ በሩን ከፈትኩ። ሰርቨሩ ጠየቀ፣ ተመለሰለት፣ ተስተካከለ። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ጋሼ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ዳይሬክተሯ ነግራቸዋለች። ጓንታቸውን አውልቀዋል። «ነይ ምሳ ብዪ» አሉኝና ግቢው ውስጥ ወዳለችው ካፌ ወሰዱኝ። ሁለት ሽሮ አዘዙ። ገና ሳይቀርብ ማውራት ጀመሩ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን ስል እንደሰነበትኩ ታውቂያለሽ? እነሱ ዋሹ አላልኩም። ራሴን ነው የጠረጠርኩት። ታናሽ ወንድሜ መርሳት ጀምሮታል፤ የልጆቹን ስም ይቀያይራል። እኔም ጀመረኝ አልኩ። ሳላየው አይቻለሁ ብዬ እየጻፍኩ ነው አልኩ። ስንት ሰው ነው በእኔ እጅ ያለፈው? ቤት ስገባ ትናንት ምን በላሁ፣ ከትናንት ወዲያ ማን መጣ እያልኩ ራሴን እፈትናለሁ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ስላይድ እያጠብኩ እንደሆነ አታውቅም። እጅህ ለምን ነጣ ስትለኝ መድኃኒት ነክቶኝ ነው አልኳት።»

እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ጣቶቻቸው ከሳሙናው የተነሳ ተጨማደዋል።

«እና መብራቱ ነው አሉኝ» አሉ። ፈገግ ብለው ነበር፤ ፈገግታው ግን ሙሉ አልነበረም። «መብራት እንዴት አድርጎ ነው ሰዓት የሚያስቀድመው? መብራት ሲጠፋ የሚቆም ነበር የሚመስለኝ።»

ሽሮው መጣ። ሁለታችንም አልነካነውም።

«ጋሼ፣ መብራት አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

ነገርኳቸው። ስለ በሩ፣ ስለ ክረምቱ፣ ስለ መኪናዋ። ምንም አላስቀረሁም፤ ለዳይሬክተሯ «ሊሆን ይችላል» ማለቴንም ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሱ አዳመጡኝ። ስጨርስ ተነሱና እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። ቆዩ። ተቆጥተው የሄዱ መስሎኝ ቦርሳዬን አንስቼ ነበር፤ ፊታቸውን ጭምር ታጥበው ተመለሱ።

«ቁጥሩን ጻፊልኝ» አሉኝ።

«የቱን ቁጥር?»

«የዘጋሽውን በር።»

ከኪሳቸው ባወጡት ወረቀት ላይ መቶ ሃያ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «አሁን ገባኝ» አሉ። «መብራት ነው ሲሉኝ ልቤ አላረፈም ነበር። ምክንያቱ የማይታወቅ ነገር ነገም ይመጣል። ይሄ ግን ቁጥር አለው።» ከዚያ እንጀራውን ቆርሰው ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «ብዪ። ከሰዓት ኮሚቴው ፊት ይሄንኑ ትናገሪያለሽ። ለእኔ እንደነገርሽኝ። አባትየውም ይምጣ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ዳይሬክተሯ፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት፣ ጋሼ፣ እኔ። ደላላው ሽንኩርት እያስጫነ ስለነበር ዘግይቶ፣ ሸሚዙ አቧራ ለብሶ ገባ። አልተቀመጠም። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ።  «መብራት ሊሆን ይችላል ያልኩት ውሸት ነበር፣ ዶክተር። የዘጋሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጨረስኩ።

 ዳይሬክተሯ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። «አንቺ በሩን ዘጋሽ፤ እኔ ደግሞ ስላይዱን አላይም አልኩ» አለች። ተነስታ ወደ ጋሼ ሄደች። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ለእግዜር» አሉ ጋሼ። 

ደላላው ግን አልበረደም። «እናንተ ተስማማችሁ» አለ። «እኔ ስለ በር ምን አውቃለሁ? የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የልጄ ደም ታይቷል ወይስ አልታየም?»

«ና» አሉት ጋሼ።

ተከትለናቸው ላቦራቶሪ ገባን። ከእንጨት ሣጥን ውስጥ አንድ ስላይድ አወጡ፤ ቁጥሩንና ቀኑን በመዝገባቸው ላይ በጣታቸው አሳዩት፣ የልጁም ስም አለ። ስላይዱን ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀምጠው አስተካከሉትና «እይ» አሉት።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ረጅም ጊዜ አየ። «ወይን ጠጅ የመሰለ ነገር ነው። ነጠብጣብ» አለ። «ሌላ ምንም አይታየኝም።»

«እኔም ያልኩህ እሱን ነው» አሉት ጋሼ። «ምንም የለም። ወባ ቢኖር ቀለበት የመሰለ ነገር ታይ ነበር።» ከሌላ ሣጥን የሌላ ሰው ስላይድ አውጥተው አስቀመጡለት። «ይሄውልህ። ያለበት ይሄን ይመስላል።»

እንደገና አየ። አንገቱን ነቀነቀ። «እና ታይፎይዱስ?»

«እሱን ማንም አልጠየቀኝም። የተጠየቅኩት ወባ ነው። ብጠየቅ አየው ነበር።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጁ እንዴት ነው አሁን?» አሉት።

«ይሮጣል» አለ ሰውየው። «ትምህርት ቤት ገባ። ትናንት አጥር ዘሎ ጉልበቱን ላጠው።» ፊቱ እየተፈታ ሄደ። ወጥቶ ሲሄድ ለማናችንም ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም ይጠይቃል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ግን ጋሼን በሁለት እጁ ጨበጣቸው።

ማታውን አዳማ ተመልሼ በማግስቱ ለአለቃዬ ነገርኩት። «ማን ጠይቆሽ ነው የተናገርሽው?» አለኝ መጀመሪያ። ተበሳጭቷል፤ ሆስፒታሉ ውል ያቋርጣል ብሎ ፈርቷል። አላቋረጡም። ቀትር ላይ ግን ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ ቀስ ብሎ «ሌላ የት የት እንደዚህ ዘግተሻል?» አለኝ። ያን ጥያቄ እኔም ሌሊቱን ራሴን ስጠይቅ አድሬ ነበር።

ሦስት ቦታ ነበር። ባቱ አንድ ሆቴል፣ ሞጆ አንድ ክሊኒክ፣ አርሲ ነገሌ አንድ ክሊኒክ። ያን ሳምንት ሦስቱንም ዞርኩ። ባቱና ሞጆ ጥቂት ደቂቃ ተዛብቶ ነበር፤ የተጎዳ ሰው አላገኘሁም። አርሲ ነገሌ አሥራ ስምንት ደቂቃ ነበር። ካስተካከልኩት በኋላ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋን «በሰዓት ምክንያት እዚህ የተጣላ ሰው ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት።

አሰብ አደረገች። «አንዲት ነርስ ነበረች። መርፌ ሳትሰጪ ሰጥቻለሁ ብለሽ መዝግበሻል ተባለች። ሰዓቱ አልገጥም ብሎ። ተናድዳ ለቀቀች። አሁን ሻሸመኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው ያለችው መሰለኝ።»

የነርሷን ስልክ ቁጥር ፈልጋ ሰጠችኝ። ክሊኒኩ በር ላይ ካለች ግራር ሥር ቆሜ ደወልኩ። ራሴን አስተዋውቄ ነገሩን ነገርኳት፤ ሰርቨሩን፣ በሩን፣ አሥራ ስምንቱን ደቂቃ።  

«ገባኝ» አለች። «እናቴ ያኔ ክሊኒኩ ድረስ ሄዳ ልጄ እንደዚህ አታደርግም ብላ ለምናቸው ነበር። ዛሬ እኔ ጋ ናት። ስፒከር ላይ ላድርገውና እንደገና ትነግሪያታለሽ? አማርኛ ብዙ አትሰማም።»

«ኦሮምኛ እችላለሁ» አልኳት።

ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፤ ከዚያ የአንዲት ሴትዮ ትንፋሽ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ፤ እኔም ጠየቅኳቸው። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሰርቨር የሚለውን ምን ብዬ እንደምለው ጨንቆኝ ትልቁ ሰዓት አልኩት። ትልቁ ሰዓት ተሳስቶ ነበር፤ እንዲሳሳት ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ልጅዎ መርፌውን በሰዓቱ ሰጥታለች አልኳቸው።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስጨርስ አልተቆጡም፣ አላለቀሱምም።

«እውነቱን የነገረኝን ሰው ልወቅ፤ ስምሽ ማን ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ድጋሚ ጠየቁኝ፤ በደንብ እንዲይዙት ቀስ ብዬ ደገምኩላቸው።